ከመፍጠን በፊት መቆም፦ አሮጌ የጃፓን ሞተር ብስክሌትን ወደ «ካፌ ሬሰር» ስለ መለወጥ

«የተማሪዎች ማኅበር ልሣን ስለ ሞተር ብስክሌት ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ባለፈው ዓመት ሦስት የማኅበራችን አባላት ገንዘባችንን አዋጥተን አንድ አሮጌ ሆንዳ ገዛን፤ ፈታነው፤ ቆረጥነው፤ መልሰን ገጠምነው፤ በመጨረሻም ከመካከላችን አንዱን ለጉዳት ዳረግነው። ወሬው በማደሪያው ሁሉ ስለተሰማ ከዚያ ወዲህ «እኛም አንድ ልንሠራ አስበናል፤ ከየት እንጀምር?» የሚሉን ወንድሞችና እህቶች በርክተዋል። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ የሠራነውንም ያጠፋነውንም በጽሑፍ ማቅረቡ ይሻላል ብለን ይህን አዘጋጅተናል። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ በምን ቅደም ተከተል መከናወን እንዳለበትና እኛ የት ላይ እንደተሳሳትን በተራ እንገልጻለን።

፩. ካፌ ሬሰር ምንድን ነው?

ካፌ ሬሰር ማለት በከተማ መንገድ የሚነዳ፣ ነገር ግን የውድድር ሞተር መልክና አቀማመጥ እንዲኖረው ተደርጎ የተለወጠ ሞተር ብስክሌት ነው። መሪው ዝቅ ይላል፤ የእግር ማሳረፊያው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መቀመጫው ለአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ከበስተኋላው ጉብ ይላል፤ ነጂውም በሰርባቶዮው ላይ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። ለመሄድና ለመቆም የማያስፈልገው ጌጥ ሁሉ ይነሣል። እንግዲህ ሥራው ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የሚነሣውንና የማይነሣውን ለይቶ ማወቅ ትልቁ የሥራው ክፍል ነው።

ልማዱ የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወጣት ሠራተኞች ማታ ማታ በየአውራ ጎዳናው ዳር በሚገኙ ሻይ ቤቶች እየተሰበሰቡ ከአንዱ ሻይ ቤት እስከ ሌላው ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ስሙም የወጣው ከዚህ ነው። ከእነዚህ ሻይ ቤቶች ሁሉ ዝነኛው በለንደን ሰሜናዊ ቀለበት መንገድ ላይ የሚገኘው ኤስ ካፌ ነው። ይህ ቤት በ1938 ተከፈተ፤ በጦርነቱ ጊዜ በአየር ድብደባ ተመታ፤ በ1949 እንደገና ተሠራ፤ በ1969 ተዘጋ፤ በ2001 ደግሞ ተመልሶ ተከፈተ። የወጣቶቹ ዓላማ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ያህል መድረስ ነበር። 

አብዛኞቹ ለውድድር የተሠራ ሞተር የመግዛት አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ከአንዱ ፋብሪካ ጥሩውን ሞተር፣ ከሌላው ጥሩውን ቴላዮ እየወሰዱ በእጃቸው ያጋጥሙ ነበር። የትራያምፍ ሞተር በኖርተን ቴላዮ ላይ ሲገባ ሁለቱ ስሞች ተዳቅለው «ትራይተን» ተባለ። ይህን የምናነሣው ካፌ ሬሰር በዛሬው ጊዜ በየሱቁ መስኮት ተሰልፎ ሲታይ የሀብታም ጌጥ ስለሚመስል ነው። በመሠረቱ ግን የገንዘብ እጥረትና የእጅ ሥራ የወለዱት ነገር ነው።

፪. ጃፓን እንዴት ገባች?

ሶይቺሮ ሆንዳ ኩባንያውን ያቋቋመው በ1948 ነው። ኩባንያው በ1959 በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል በምትገኘው በማን ደሴት ወደሚካሄደው ታላቅ የሞተር ብስክሌት ውድድር ሲመጣ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር። በ1961 ግን በ125 እና በ250 ሲ.ሲ. ምድቦች አሸነፈ። በ1969 ደግሞ ሲ.ቢ. 750 የተባለውን ለገበያ አቀረበ። ይህ ሞተር በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች፣ በቁልፍ የሚነሣ የኤሌክትሪክ ማስነሻና ከፊት የዲስክ ፍሬን ነበረው። እነዚህን ሁሉ ባንድ ላይ፣ ለተራው ሰው በሚቀመስ ዋጋ ማግኘት ከዚያ በፊት ያልተለመደ ነበር። 

የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ለዚህ መልስ ሊያገኙለት አልቻሉም። ትልቁ ቢ.ኤስ.ኤ. በ1973 ፈራረሰ፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው በኅብረት ሲያካሂዱት የነበረው የሜሪደኑ የትራያምፍ ፋብሪካም በ1983 ተዘጋ። ስለሆነም ካፌ ሬሰርን የፈጠረው የእንግሊዝ ሞተር እየጠፋና እየተወደደ ሲሄድ በሥራው የሚጠመዱ ወጣቶች ወደ ጃፓኑ ዞሩ።

እኛ የገዛነው የሲ.ቢ. 750 ታናሽ ወንድም የሆነውን ሲ.ቢ. 550 ነው። ይህ ከ1974 እስከ 1978 የተሠራ፣ 544 ሲ.ሲ.፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አምስት ማርሽ ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ የጃፓን ሞተር ለጀማሪ የሚመችበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ በብዛት የተሠራ በመሆኑ መለዋወጫው ዛሬም ይገኛል። ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተር የለበትም፤ ቤንዚኑ በካርቡራተር፣ እሳቱ በፑንቲናና በቦቢና የሚሠራ ስለሆነ ጥፋቱን በዓይን ማየትና በእጅ መዳሰስ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ቴላዮው ተራ የብረት ቱቦ ስለሆነ አወቃቀሩ ለሚመለከት ሁሉ ግልጽ ነው።

በሥራው ላይ ሳለን ያስገረመን አንድ ነገር ነበር። ሞተሩ የጃፓን፣ መልኩ የእንግሊዝ፣ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ እኛ ስንጠራራበት የነበረው ቃል ሁሉ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ማርሚታ እያለ ከጣሊያን ወደ አገራችን ጋራዦች የገባው ነበር። ከመካከላችን አንዱ በልጅነቱ በሰፈሩ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ የሰማውን የመሣሪያ ስም እዚህ በሰው አገር ሲያስተምረን ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረን ትምህርት እንዳለን ተረዳን።

፫. ከመግዛት በፊት

የሚገዛው ሞተር አሮጌ ይሁን እንጂ የሞተ መሆን የለበትም። ቢያንስ የሚከተሉትን መመልከት ያስፈልጋል።

ሀ) ወረቀቱ። በመሪው አንገት ላይ የተቀረጸው የቴላዮ ቁጥር በባለቤትነት ደብተሩ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ ትቶ መሄድ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችን በዩኒቨርሲቲው ላይ የተንጠለጠለ የውጭ ተማሪዎች መሆናችንን አንርሳ። ቴላዮ መቁረጥ ወይም መብራት መለወጥ በየአገሩ የተለያየ ደንብ ስላለው ከመቁረጥ በፊት የትራፊክ መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ይገባል።

ለ) ሞተሩ። ካንዴላዎቹ ወጥተው የእግር ማስነሻው ሲረገጥ ሞተሩ መዞር አለበት። ካልዞረ ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ጋር ዝገው ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። ከተቻለም የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት በመለኪያ መለካትና አራቱን ማነጻጸር ነው። ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ጥገናው ከሞተሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሐ) ሰርባቶዮው። ክዳኑን ከፍቶ በባትሪ መብራት ውስጡን ማየት ነው፤ በክብሪት የሚያይ ሰው ሁለተኛ ሰርባቶዮ አያይም። ውስጡ ከዛገ ዝገቱ እየተፋቀ ወርዶ የካርቡራተሩን ደቃቅ ቀዳዳ ይዘጋል። ቀለል ያለ ዝገት በሆምጣጤ ወይም በሎሚ አሲድ ለጥቂት ቀናት ዘፍዝፎ ማስለቀቅ ይቻላል። ከዚያ ወዲያው ታጥቦ በደንብ ካልደረቀ ግን ዝገቱ ይመለሳል።

መ) ቴላዮው። በብየዳ መጋጠሚያዎች ላይ ስንጥቅ፣ የተጣመመ ቱቦ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ ካለ ለምን እንደተቀባ መጠየቅ ያስፈልጋል።

፬. ግለሂስ

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። ሞተሩን ስንገዛ ሞተሩ ራሱ ደህና ነበር፤ ትንሽ ከተነካካ በኋላም ተነሣ። የቀረን ገንዘብ ግን ለሁሉ የሚበቃ አልነበረም። ስብሰባ ተቀመጥን። ከሦስታችን አንዱ፣ በምሕንድስና ፋኩልቲ የሚማረው፣ «በቅድሚያ ፍሬኑ ተፈትቶ ይታይ» አለ። ሁለታችን ግን ፍሬኑ ሲጨበጥ ጠንካራ ስለሆነ ይሠራል፣ መጀመሪያ መቀመጫውና መሪው ይሠራ አልን። እውነቱን ለመናገር የፈለግነው ፎቶግራፍ ለመነሣት ነበር። በለመድነው የማኅበር ሥርዓት ድምፅ ተሰጠ፤ ሁለት ለአንድ ሆነ፤ በድምፅ ብልጫ መቀመጫው ተሰፋ።

ከሁለት ወር በኋላ ያው ሞተር አምሮ ተነሣ። ፍሬኑ ይቅደም ያለው ወንድማችን ከሁላችን የተሻለ ነጂ ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲነዳው ለእርሱ ሰጠነው። ከማደሪያው በስተኋላ ባለው ባዶ መቆሚያ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ሄደ። ሊዞር ሲል ፍሬኑን ጨበጠ። ፍሬኑ እጁን እንደ ድንጋይ መለሰለት፤ ሞተሩ ግን አልቆመም። ከመቆሚያው ዳር ካለው አጭር ግንብ ጋር ተጋጨ፤ ሲወድቅም ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ ወደቀ።

የራስ ቁር አድርጎ ስለነበር ጭንቅላቱ ተረፈ። አንጓው ግን አበጠ። የመጀመሪያው ራጅ ምንም ስብራት አላሳየም፤ እኛም ደስ አለን። ሐኪሙ ግን በአውራ ጣቱ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ሲጫነው በመጮኹ ምክንያት ጀሶ አደረገለትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ አለው። በሁለተኛው ራጅ ስካፎይድ የተባለው ትንሹ የአንጓ አጥንት መሰበሩ ታየ። ሕክምና የምንማር ሰዎች እንደምናውቀው ይህ ስብራት በመጀመሪያው ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ ተሰውሮ ያመልጣል። የአጥንቱ ደም ሥር ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚገባ ለመዳንም ይዘገያል። ስለዚህ በተዘረጋ መዳፍ ላይ ወድቆ ከአውራ ጣቱ ሥር የሚያመው ሰው «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ መተው የለበትም።

ወንድማችን አሥር ሳምንት በጀሶ ቆየ። የንድፍ ሥራውን ማስረከብ አልቻለም፤ ፈተናውን በቀኝ እጁ ሊጽፍ አልቻለም። የትምህርት ዕድሉ ደግሞ በየዓመቱ ማለፍን የሚጠይቅ ነው። ለሚቀጥለው የፈተና ጊዜ እንዲተላለፍለት የሐኪም ወረቀት ይዘን ከቢሮ ቢሮ ስንመላለስ ከረምን። በመጨረሻ ተፈቀደለት፤ ተፈተነ፤ አለፈ። ባይፈቀድለት ኖሮ ለአንድ መቀመጫ ስፌት ስንል የሰውን አምስት ዓመት ልናበላሽ ነበር።

ሞተሩን ወደ ክፍላችን መልሰን የፊት ፍሬኑን ስንፈታው በውስጡ ያለው ፒስተን ዝጎ ተጣብቋል፤ የፍሬኑ ዘይት እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የሚስብ ነገር ነው፤ ለዓመታት ሳይለወጥ ሲቀር ውኃው ብረቱን ያዝገዋል። ስንጨብጠው ጠንካራ የሆነው ደህና ስለነበር ሳይሆን ፒስተኑ ስለማይንቀሳቀስ ነበር። ሁለት ድምፅ ለአንድ ስላሸነፈ የዛገ ፒስተን አልተላቀቀም። በማኅበራችን ብዙ ነገር በድምፅ ይወሰናል፤ መወሰኑም ተገቢ ነው። ፍሬን ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ግን የሚፈታ እንጂ የሚወሰን ጥያቄ አይደለም።

፭. ትክክለኛው ቅደም ተከተል

ከዚህ በኋላ ሥራውን ከመጀመሪያው እንደገና ጀመርነው። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ እንዲቆም፣ ቀጥሎ እንዲሄድ፣ በመጨረሻ እንዲያምር የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አፈታት ጥቂት እንበል። አንድም ብሎን ከመፍታት በፊት ሁሉን በፎቶግራፍ ማንሣት፣ የተፈታውን በትንንሽ ከረጢት ከፋፍሎ ስም መጻፍ ያስፈልጋል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ያሉት ባለ መስቀል ብሎኖች የጃፓንን ደረጃ የተከተሉ ናቸው። በተለመደው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ሲፈቱ ጭንቅላታቸው ይላጣል። ለእነርሱ የተሠራውን ካቻቢቴ መግዛት ብዙ ልፋት ያድናል።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ እንዲቆም ማድረግ። የፊት ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይጸዳል፤ የዛገ ፒስተን ይለወጣል፤ የጎማ ማሸጊያዎቹ፣ ቱቦውና ዘይቱ አዲስ ይሆናሉ። አሮጌ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊያብጥ ይችላል። የፍሬን ዘይት ቀለምን ስለሚልጥ ሰርባቶዮው ላይ እንዳይንጠባጠብ ጥንቃቄ ያሻል። የኋላው ፍሬን የከበሮ ዓይነት ስለሆነ ሸራው ምን ያህል እንደቀረው ይለካል። 

ቀጥሎ ጎማዎቹ ይታያሉ። በጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። ለምሳሌ ያህል 2315 የሚል ቢሆን በ2015 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ስለሚደርቅ መንገድ አይቆነጥጥም፤ መለወጥ አለበት። የጎማው ራጆች አንድ በአንድ በካቻቢቴ ሲመቱ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለባቸው፤ ድምፁ የደነቆረው የላላ ነው። የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ መሪው ቀስ ብሎ ሲዞር መሐል ላይ የሚያዝ ከሆነ የአንገቱ ኩሽኔታ ተበልቷል። የኋላው ጎማም ግራና ቀኝ ሲገፋ መወላወል የለበትም። ይህ ሁሉ ፎቶግራፍ ላይ የማይታይ ሥራ ነው። ከገንዘባችን የሚበልጠው ክፍል የሚሄደውም ለዚህ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ደረጃ፦ እንዲሄድ ማድረግ። እዚህም ላይ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ መጀመሪያ ቫልቭ፣ ቀጥሎ እሳት፣ በመጨረሻ ካርቡራተር ነው። በሲ.ቢ. 550 የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ሲለካ ለማስገቢያው 0.05 ሚሊ ሜትር፣ ለማስወጫው 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። የፑንቲናው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህ ሳይስተካከሉ ካርቡራተር የሚነካካ ሰው የሌላውን ጥፋት በካርቡራተሩ ሊያርም ስለሚሞክር መጨረሻ የለውም። እኛም ሦስት ቅዳሜ እንዲሁ አልቆብናል። አራቱ ካርቡራተሮች ታጥበው፣ ደቃቅ ቀዳዳዎቻቸው ተከፍተው ከተገጠሙ በኋላ አራቱም እኩል እንዲስቡ በመለኪያ ይስተካከላሉ። ውጤቱን የሚነግረን ካንዴላው ነው። ጫፉ ነጣ ካለ ቤንዚኑ አንሷል፣ ሞተሩም ይግላል፤ ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ፈተና ይመጣል። በየሥዕሉ የምናያቸው ካፌ ሬሰሮች የአየር ማጣሪያው ሣጥን ወጥቶላቸው በየካርቡራተሩ ጀርባ ትንንሽ ማጣሪያ ተደርጎላቸዋል። መልኩ ያምራል። ነገር ግን ሣጥኑ ሲወጣ የሚገባው አየር ስለሚለወጥ የካርቡራተሩ ቀዳዳዎች መለኪያ ሁሉ እንደገና መሠራት ይኖርበታል። ከዚህም በላይ እዚህ ያለነው አሸዋና አቧራ በሚነፍስበት አገር ነው። በደንብ ያልተጣራ አቧራ ወደ ሲሊንደር ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የፒስተኑን ቀለበት ይፍቃል። ሣጥኑ ይቆይ ብለናል።

ሦስተኛው ደረጃ፦ መልክ መስጠት። መቀመጫው አጭር እንዲሆን የቴላዮው ጅራት ይቆረጣል። የሚቆረጠው የኋላው አሞርዛተር ከታሠረበት ቦታ በስተኋላ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ፊት ያለው የሰውና የሞተር ክብደት የሚያርፍበት ስለሆነ አይነካም። ጫፎቹን የሚያገናኘው ቅስት ቱቦ ዝም ብሎ አፍ ለአፍ አይበየድም፤ በውስጡ ሌላ ጠባብ ቱቦ ገብቶለት ይበየዳል። ከብየዳ በፊት ባትሪው መውጣት አለበት። ሦስታችንም ብየዳ ስለማናውቅ ይህን ለባለሙያ በያጅ ሰጥተናል፤ በዚህም አላፈርንም።

የፊት ፓራፋንጎም እንዲሁ በችኮላ የሚነሣ ነገር አይደለም። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ፓራፋንጎውን የሚይዘው ብረት ሁለቱን የፊት እግሮች አንድ ላይ የሚያስተሳስር ስለሆነ ከተነሣ እግሮቹ ለየብቻ መወላወል ይጀምራሉ። ፓራፋንጎው ሊያጥር ይችላል፤ ማሠሪያው ግን ይቆይ ወይም በሌላ ይተካ። 

ዝቅ ያለው መሪ ከተገጠመ በኋላ ከዳር እስከ ዳር ተዙሮ ሦስት ነገር ይታያል፤ እጅ በሰርባቶዮው እንዳይያዝ፣ የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር፣ የቤንዚኑ ፊሎ እንዳይሳብ። መሪው ሲዞር የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ ፊሎው አጥሯል ማለት ነው፤ በመታጠፊያ ላይ ራሱ ቤንዚን ይሰጣል። መሪው ዝቅ ብሎ የእግር ማሳረፊያው ግን በቦታው ከቀረ የሰውነት ክብደት ሁሉ በአንጓ ላይ ስለሚወድቅ ሁለቱ ባንድነት መለወጥ አለባቸው።

፮. ስለ ሠሪው ሰውነት

ሞተሩ እየተጠገነ ሠሪው እንዳይበላሽ የሚከተሉትን እናሳስባለን። 

ሞተር በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነሣ። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የደማችንን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ይይዛል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ነው። 

ቤንዚን በአፍ በቱቦ አይሳብ። ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባን ያቆስላል። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስመልስ አይደረግ፤ ሲያስመልስ እንደገና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። 

በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። የከበሮው አቧራ በአፍም ሆነ በአየር መንፊያ እፍ አይባል፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ ታስሮ ይጣል። አስቤስቶስ የሚያመጣው በሽታ ከአሥርት ዓመታት በኋላ የሚገለጥ ስለሆነ ዛሬ ምንም አለመሰማቱ ዋስትና አይሆንም።

በመንዳት ላይ እጅ መደንዘዝ ከጀመረ፣ በተለይ አውራ ጣትና ቀጥለው ያሉት ሁለት ጣቶች፣ በአንጓ የሚያልፈው ነርቭ እየተጫነ ነውና ማረፍና የመሪውን አንግል ማስተካከል ነው። 

በመጨረሻም የራስ ቁር። ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2008 የወጣ አንድ ግምገማ የራስ ቁር ለነጂዎች የሞትን አደጋ በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ ጊዜ ከባድ ግጭት የተቀበለ የራስ ቁር ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ስለሚደቅ ይጣላል። የወንድማችንን የራስ ቁር እኛም ጥለነዋል።

፯. ማጠቃለያ

ሞተሩ ዛሬ ይሄዳል፤ ከሁሉም በላይ ይቆማል። መቀመጫው ያው በድምፅ ብልጫ የተሰፋው ነው። ግንቡ የጫረው የሰርባቶዮ ጎን አልተቀባም፤ እንዲታወሰን ትተነዋል። ወንድማችን እጁ ከዳነ በኋላ ራሱ የፊት ፍሬኑን ገጠመ፤ ዘይቱን ሞላ፤ አየሩን አስወጣ፤ ከዚያም በዚያው መቆሚያ በዚያው ፍጥነት ሄዶ ከግንቡ ብዙ ርቀት ላይ ቆመ። ወርዶም ቁልፉን ለእኛ ሰጠና «አሁን እናንተ» አለን። ከዚያ በቀር ስለ ነገሩ አንድም ቃል ተናግሮን አያውቅም። እኛ ግን ይቅርታ በግል ብቻ ሳይሆን ጥፋቱ በተሰማበት ሁሉ መጠየቅ አለበት ብለን ስለምናምን በዚህ ልሣን ላይ እንጠይቀዋለን።

ያጠራቀምናቸው ቁልፎች፣ የጃፓን ካቻቢቴዎች፣ የቫልቭ መለኪያውና የጥገናው መጽሐፍ በአንድ ሣጥን ተቀምጠዋል፤ ሞተር ለመሥራት የሚፈልግ ማንኛውም የማኅበሩ አባል ሊዋሳቸው ይችላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ከእርሱ ጋር ለመሥራት ዝግጁ ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ቅዳሜ ፍሬን የሚፈታበት ይሆናል። ይህ ለድምፅ አይቀርብም።